የቆሮሶ ቅርፊት የሞተር ፕሮቲኖችን ሥራ ምን ያህል ያስረዳል?

የፔዳው ባዮሎጂ

በሕዋስ ውስጥ ስለሚካሄደው የጭነት ጉዞ ስናስተምር፣ ከመጽሐፍ ሥዕልና በስልክ ከሚታይ ቪዲዮ አልፈን ለተማሪው በዓይኑ የምናሳየው ነገር እምብዛም የለንም። ካይኔሲን የተባለው ሞተር ፕሮቲን (ጭነት እየጎተተ የሚጓዝ ፕሮቲን) በማይክሮቱቡል ላይ (በሕዋስ ውስጥ እንደ ሐዲድ በሚያገለግል ቀጭን ቱቦ ላይ) ሲራመድ የሚያሳየውን ቪዲዮ ያላየ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ያ ምስል በኮምፒውተር የተሠራ መሆኑንና ከበስተጀርባው ያለው ማስረጃ በምን ዓይነት ሙከራ እንደተገኘ ማስረዳት የሚችለው ጥቂት ነው። የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ እስኪገዛልን እንጠብቅ ካልን ደግሞ ስንት ዙር ተማሪ እንዲሁ ይመረቃል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ሴሚስተር የተግባር ትምህርት ቆሮሶ ከሚባለው የጣና ዓሣ ለመጀመር አስቤአለሁ። በዓሣው ጀርባ በኩል ያሉት ቅርፊቶች ወደ ውጭ በሚታየው ጫፋቸው ላይ ሜላኖፎር የሚባሉ ጥቁር ሕዋሶች አሏቸው። እያንዳንዱ ሕዋስ ከመሐሉ ወደ ዳር የሚዘረጉ ቅርንጫፎች ያሉት ሲሆን፣ በውስጡ ግማሽ ማይክሮሜትር ገደማ የሚሆኑ በሺዎች የሚቆጠሩ የቀለም ቅንጣቶች ይገኛሉ። ቅንጣቶቹ ወደ መሐል ሲሰበሰቡ ዓሣው ይገረጣል፤ ወደ ቅርንጫፎቹ ሲሰራጩ ይጠቁራል። ወደ መሐል የሚስባቸው ዳይኒን የተባለው ሌላ ሞተር ፕሮቲን ነው፤ ወደ ዳር የሚወስዳቸው ካይኔሲን ሁለት የሚባለው ዓይነት ነው። ዳር ከደረሱ በኋላ ደግሞ ማዮሲን ፋይቭ የተባለ ሦስተኛ ሞተር አክቲን በሚባሉ ቀጫጭን የፕሮቲን ክሮች ላይ ይቀበላቸዋል። አቅጣጫውን የሚወስነው በሕዋሱ ውስጥ ያለው የሳይክሊክ ኤኤምፒ (በሕዋስ ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፍ ሞለኪውል) መጠን ሲሆን፣ ከነርቭ ጫፍ የሚለቀቀው ኖርአድሬናሊን መጠኑን ሲቀንሰው ቅንጣቶቹ ይሰበሰባሉ፣ መጠኑ ሲጨምር ይበተናሉ።

ይህን ሁሉ ለማየት ተራ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ይበቃል። ከዓሣው ላይ በወረንጦ የተነቀለ ቅርፊት 0.1 ሞላር በሆነ የሶዲየም ክሎራይድ ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ቅንጣቶቹ ይበተናሉ። ፈሳሹ እኩል መጠን ባለው የፖታሲየም ክሎራይድ ሲቀየር ፖታሲየሙ የነርቭ ጫፎቹን ስለሚያነቃቃ በደቂቃዎች ውስጥ ሲሰበሰቡ ይታያሉ፤ ወደ ሶዲየሙ ሲመለስ መልሰው ይበተናሉ።

የመድረኩን አባላት የምጠይቀው ስለ አሠራሩ ብቻ አይደለም። ተማሪው ይህን ካየ በኋላ «ያየኸው የዳይኒን ሥራ ነው» ብዬ ብነግረው፣ ማስረጃው የሚፈቅድልኝን ያህል ተናገርኩ ወይስ ከማስረጃው አልፌ ሄድኩ?

የሽምብጡ

መምህር፣ እኔ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ ከዋናው ጥያቄዎ በፊት ሌላ ጥያቄ መቅደም ያለበት ይመስለኛል። ተማሪው ሞተር ለምን እንዳስፈለገ ካልገባው የቅንጣቶቹ መንቀሳቀስ አያስደንቀውም፤ ፈሳሽ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ በሙቀት ኃይል ወዲያና ወዲህ ይላልና። ስለዚህ መጀመሪያ ስሌቱን በሰሌዳ ላይ ቢያሠሩት እመክራለሁ። በዚህ የሙቀት እንቅስቃሴ፣ ማለትም በስርጭት (ዲፊውዥን) ብቻ ለመጓዝ የሚያስፈልገው ጊዜ የርቀቱ ስኩዌር በስርጭት መጠኑ እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ለአንድ መካከለኛ ፕሮቲን በሕዋስ ውስጥ የስርጭት መጠኑን በሴኮንድ 10 ስኩዌር ማይክሮሜትር ብንወስድ፣ 10 ማይክሮሜትር ለመሻገር 5 ሴኮንድ ይበቃዋል። 1 ሚሊሜትር ለመሻገር ግን ወደ 14 ሰዓት ይወስድበታል። ከወገብ እስከ እግር ጣት የሚደርሰውን 1 ሜትር ያህል የነርቭ ክር ለመጨረስ ደግሞ ከ1,500 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል፤ ቀዛፊ የሌለው ታንኳ ከደልጊ ተነሥቶ ባሕር ዳር እስኪደርስ እንደመጠበቅ ማለት ነው።

በነርቭ ውስጥ ፈጣን የሚባለው ጉዞ ግን በቀን እስከ 400 ሚሊሜትር ስለሚደርስ፣ ያንኑ 1 ሜትር በሁለት ቀን ተኩል ይጨርሰዋል። አንድ የካይኔሲን እርምጃ 8 ናኖሜትር ነው፤ ለእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ኤቲፒ (የሕዋስ የኃይል ምንጭ የሆነ ሞለኪውል) ይወጣል። ይህን የሚያካፍል ተማሪ በ1 ሜትር ውስጥ 125 ሚሊዮን እርምጃ መኖሩን ራሱ ይደርስበታል። በእርግጥ አንድ ካይኔሲን ያን ሁሉ መንገድ ብቻውን አይሄድም፤ ጥቂት ማይክሮሜትር ሳይሞላው ከሐዲዱ ይወርዳል፣ ጭነቱን የሚያንቀሳቅሱት ብዙዎች ናቸው። ቪዲዮው ይህን ደብቆ አንድ ብቸኛ መንገደኛ ያደርገዋል፤ እኔን ሁልጊዜ የሚያበሳጨኝ እሱ ነው።

ከጎንደር

የወንድሜ የሽምብጡ ስሌት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ራሱ ካሰበው በላይ የሚያገለግል ይመስለኛል። ስርጭት ቅንጣትን ይበትናል እንጂ ከየቅርንጫፉ ለቅሞ መሐል ላይ አይከምርም። ስለዚህ በቅርፊቱ ላይ ከሚታዩት ሁለት ክስተቶች መሰብሰቡና መበተኑ እኩል ክብደት የላቸውም። መሰብሰቡ ኃይል የሚያወጣ አንድ አካል እንዳለ በራሱ ይናገራል። መበተኑ ግን ፍጥነቱ ካልተለካ በቀር ምንም አይናገርም፤ አጥባቂ ተማሪ «ያዣቸው ለቀቃቸውና በራሳቸው ተበተኑ» ቢል በምን ይመልሱለታል? መምህር፣ ስለዚህ ሰዓት መያዣና የርቀት መለኪያ ያለው የዓይን ሌንስ የግድ ያስፈልግዎታል። ግማሽ ማይክሮሜትር የሚያህል ቅንጣት በንጹሕ ውሃ ውስጥ እንኳ ቢሆን 50 ማይክሮሜትር በስርጭት ለመሄድ ከሃያ ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል፤ በሕዋስ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ደግሞ ከውሃ እጅግ የወፈረ ነው። ተማሪው መበተኑ ከዚያ በብዙ ቀድሞ ሲያልቅ ከለካ፣ ያን ጊዜ መናገር ይችላል።

ስለ ዋናው ጥያቄዎ ግን ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። በቅርፊቱ ላይ ዳይኒን አይታይም፤ የሚታየው ቀለም ነው። እንዲያውም ከሞተር በፊት ሌላ መላምት መወገድ አለበት። በድሮ ጊዜ ብዙ ተመራማሪዎች ሕዋሱ ራሱ ቅርንጫፎቹን የሚሰበስብ መስሏቸው ነበር፤ በተራ ማይክሮስኮፕ የሚታየው ጥቁሩ ብቻ ስለሆነ ባዶ የቀረው ቅርንጫፍ ይሰወራል። ይህን ሳያስወግዱ ስለ ፕሮቲን ስም መናገር ቤቱ ሳይሠራ ጣሪያ እንደ መክደን ይሆናል።

በዚህ ዘርፍ «ሞተሩ ይህ ነው» ለማለት የተጠየቀው የማስረጃ ልክ ምን እንደሆነ ለተማሪዎቹ ቢነግሯቸው መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሮናልድ ቬል፣ ቶማስ ሪስና ማይክል ሺትስ ካይኔሲንን ያገኙት በአሜሪካ በዉድስ ሆል ከሚገኝ ስኩዊድ ግዙፍ የነርቭ ክር ነው። የክሩን ውስጠኛ ፈሳሽ ጨምቀው አወጡ፣ ፕሮቲኑን አጣሩ፣ መስታወት ላይ አደረጉት። ማይክሮቱቡሎች ኤቲፒ ባለበት በመስታወቱ ላይ ሲንሸራተቱ አዩ። ሕዋስ የለም፣ ነርቭ የለም፤ የቀረው ፕሮቲን፣ ሐዲድና ኤቲፒ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ ስቮቦዳ፣ ሽሚት፣ ሽናፕና ብሎክ አንዲት ጥቃቅን ዶቃ በሌዘር ወጥመድ ይዘው፣ አንድ የካይኔሲን ሞለኪውል ዶቃዋን በ8 ናኖሜትር በ8 ናኖሜትር ሲጎትት ለኩ። ማይክሮቱቡል የሚሠራባቸው የቱቡሊን ጥንዶች ርዝመትም 8 ናኖሜትር ነው። የሌዘር ወጥመዱን የፈጠረው አርተር አሽኪን እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። ከዚህ ልክ ጋር ሲነጻጸር ቅርፊቱ ገና በሩ ላይ ነው።

የፔዳው ባዮሎጂ

የጎንደሩን አስተያየት አብዛኛውን እቀበላለሁ፤ ቅርፊቱ በሩ ላይ ነው የሚለውን ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበልም።

ቅርንጫፍ ይሰበሰባል የሚለው መላምት በዚያው በተራ ማይክሮስኮፕ ሊወገድ ይችላል። አንድን ሕዋስ መርጦ፣ ቅንጣቶቹ በተበተኑበት ሰዓት በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው፤ ከዚያ ማሰባሰብ፣ ከዚያ መልሶ መበተንና ያንኑ ሕዋስ እንደገና ማንሳት። ሕዋሱ ቅርንጫፎቹን ሰብስቦ አዲስ ቅርንጫፍ የሚዘረጋ ቢሆን ኖሮ የሁለተኛው ፎቶ ቅርጽ ከመጀመሪያው በተለየ ነበር። ቀለሙ ግን ወደ እነዚያው ቅርንጫፎች፣ ወደ እነዚያው መታጠፊያዎች ይመለሳል። ሁለቱ ፎቶዎች ሲነባበሩ ተማሪው ራሱ የሚደርስበት ድምዳሜ ነውና፣ ከጠቅላላው ትምህርት የምወደው ክፍል ይህ ነው። ውድ መሣሪያ ያልጠየቀ ንጹሕ ማስወገድ ነው።

ቀጥሎ የሐዲዱ ጉዳይ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1984 ማክኒቨንና ፖርተር ከባልደረቦቻቸው ጋር ኤንጅልፊሽ ከሚባለው ዓሣ ሜላኖፎር ላይ ቅርንጫፎችን ቆርጠው ለይተው ነበር። የተቆረጠው ቅርንጫፍ መጀመሪያ ላይ ቅንጣቶቹን የሚሰበስበው ወደ ተቆረጠበት፣ ማለትም ቀድሞ ወደ ሕዋሱ መሐል ይመለከት ወደነበረው ጫፍ ነው። ሰዓታት ካለፉ በኋላ ግን በቅርንጫፉ ወገብ ላይ ይሰበስባቸው ጀመር፤ በዚያን ጊዜ የማይክሮቱቡሎቹም አሰላለፍ ተቀይሮ አዲስ መሐል አበጅተው ተገኙ። ቅንጣቱ የሚሄድበትን አቅጣጫ የሚነግረው ማይክሮቱቡሉ ራሱ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አላውቅም።

የሞተሩን ማንነት በተመለከተም ማስረጃው ያለው በዚሁ በዓሣ ሕዋስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሮዲዮኖቭ፣ ግዮዬቫና ጌልፋንድ ካይኔሲንን የሚይዝ ፀረ አካል ወደ ዓሣ ሜላኖፎር በመርፌ ሲያስገቡ፣ ቅንጣቶቹ ወደ ዳር መሄድ አቃታቸው፤ ወደ መሐል መሰብሰባቸው ግን አልተነካም። አንዱ አቅጣጫ ሲዘጋ ሌላው መቀጠሉ ነው ቁም ነገሩ፤ መርፌው ሕዋሱን ጎድቶት ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በቆሙ ነበር። የትኛው የካይኔሲን ዓይነት እንደሆነ የተጣራው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ለተማሪው የምነግረው እንዲህ ነው፦ ያየኸው ቀለም ነው፤ የለካኸው ፍጥነት ስርጭትን ያስወግዳል፤ ያነሳኸው ፎቶ የቅርንጫፍ መሰብሰብን ያስወግዳል፤ ዳይኒንና ካይኔሲን የሚሉትን ስሞች ግን ከሌሎች ሙከራ ተውሰህ ነው የምትጽፈው።

ነርስ ከቀበሌ 14

በሕክምናው በኩል ያለን ሰዎች ይህን ጉዳይ የምናውቀው በሌላ በር ነው፤ ከቦታው ካልወጣሁ ልጨምር። ውሻ ነክሶት የሚመጣ ሰው ቁስሉ እግሩ ላይ ከሆነ «አንጎል የት፣ እግር የት» እያለ ክትባቱን ሊያዘገይ ይፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ግን ከጡንቻው ወደ ነርቭ ጫፍ ከገባ በኋላ ወደ ላይ የሚወጣው በነርቭ ክር ውስጥ ባለው በዚሁ የኋልዮሽ መጓጓዣ ነው፤ ዳይኒን በሚሄድበት አቅጣጫ ማለት ነው። የመንጋጋ ቆልፍ መርዝም እንዲሁ ከቁስሉ ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚደርሰው በዚያው መንገድ ነው። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ክትባት መጀመር የሚያስፈልገው ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ሳይገባ ለመቅደም ነው።

አንድ ነገር ግን አይገባኝም። ፍጥነቱ በቀን 400 ሚሊሜትር ከደረሰ ከእግር እስከ አንጎል ቀናት ብቻ መፍጀት ነበረበት። በሽታው ግን በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው የሚወጣው። ታዲያ ወራቱ የት ገቡ?

ከኖርአድሬናሊን ጋር የሚቀራረበውን አድሬናሊን በቅርፊቱ ላይ መሞከር ከፈለጉ፦ ለሕክምና የሚውለው ብልቃጥ በ1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም የያዘ ነው። በዓሣ ጨው ውሃ 500 ጊዜ ቢቀጥን ለቅርፊቱ የሚበቃ ይመስለኛል። ቀለሙ ወደ ሮዝ ወይም ወደ ቡናማ የተቀየረውን አይጠቀሙ፤ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ብርሃንም ይጎዳዋል።

ከጎንደር

እህቴ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። 400 የሚባለው የፈጣኑ ጉዞ የላይኛው ወሰን ነው፤ ለቫይረሱ የሚገመተው በቀን ከ50 እስከ 100 ሚሊሜትር ነው። በዚያም ቢሆን የእግሩ መንገድ ወራት አይፈጅም። ወራቱ የሚያልፉት በአብዛኛው ከጉዞው በፊት ነው፤ ቫይረሱ ወደ ነርቭ ከመግባቱ በፊት በተነከሰው ጡንቻ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ክትባቱ ከንክሻ በኋላ ተሰጥቶ የሚያድነውም በዚህ ክፍተት ነው። ፊቱን ወይም አንገቱን የተነከሰ ሰው ግን መንገዱም አጭር፣ በዚያ አካባቢ ያለው ነርቭም ብዙ ስለሆነ ክፍተቱ ይጠባል።

ስለ ማስረጃ የተነሣውን ክርክር የሚያጠናክር ታሪክም እዚሁ ቫይረስ ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ ከቫይረሱ ፕሮቲኖች አንዱ ከዳይኒን ክፍሎች አንዱ ከሆነው ቀላል ሰንሰለት ጋር እንደሚጣበቅ ታወቀ። ብዙዎች «እንግዲያው የሚሳፈረው በዚህ ነው» አሉ። በኋላ ግን ያ መጣበቂያ የተወገደባቸው ቫይረሶች በአይጥ ውስጥ አሁንም ወደ አንጎል መድረስ ቻሉ። ሁለት ፕሮቲኖች መጣበቃቸው አንዱ ሌላውን ይሸከማል ማለት አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም። መምህር፣ ለፈተና ጥያቄ ይሆንዎታል።

የደቅ ልጅ

መምህር፣ እኔ ባዮሎጂ አልተማርኩም፤ አባቴ ግን ዓሣ አጥማጅ ነው። ሌሊት በመረብ ተይዞ ያደረ ቆሮሶ ሲነጋ አብዛኛው ሞቶ ነው የሚገኘው፤ ለእርስዎ አይሆንም። ከታንኳው ሳይወርዱ በሕይወት ያለውን እንዲያስቀሩልዎ ቀደም ብለው ይንገሯቸው። በሳፋ ውስጥ የሐይቁን ውሃ አድርገው ሁለት ሦስት ብቻ ያስገቡ፤ ከተጨናነቀ ይታፈናል። ሳፋው ነጭ ከሆነ ደግሞ ዓሣው እየገረጣ ይሄዳል፤ ጥቁር ሳፋ ውስጥ ያስቀመጡት ጠቁሮ ይቆያል። እኛ ይህን ከልጅነታችን እናውቀዋለን፤ ምክንያቱን ግን ዛሬ ነው ያነበብኩት።

የፔዳው ባዮሎጂ

የደቅ ልጅ፣ የነገርከኝ ከማንኛውም የላቦራቶሪ መመሪያ ይበልጥብኛል። ሁለቱን ሳፋዎች እጠቀማቸዋለሁ፤ ከጥቁሩ ሳፋ የሚነቀለው ቅርፊት ቀለሙ ተበትኖ ስለሚመጣ ሥራው ከዚያ ይጀመራል።

ነርሷም ስለ አድሬናሊኑ እናመሰግናለን። ፖታሲየም በነርቭ ጫፍ በኩል ዞሮ ነው የሚሠራው፤ አድሬናሊን ግን በቀጥታ ከሜላኖፎሩ ተቀባይ ጋር ይያያዛል። ሁለቱም ያንኑ ውጤት ከሰጡ ምልክቱ ከሕዋሱ ውጭ በሁለት መንገድ እንደሚመጣ፣ በውስጥ ግን አንድ እንደሚሆን ማሳየት እንችላለን። ለመበተን ደግሞ ካፌይን አለ፤ ሳይክሊክ ኤኤምፒ እንዳይፈርስ ስለሚያደርግ በዓሣ ሜላኖፎር ጥናቶች ለዚሁ ጥቅም ውሏል። ተማሪዎች የዘጌን ቡና አፍልተው ማንጠባጠብ መፈለጋቸው አይቀርም፤ ቡና ውስጥ ግን ከካፌይን ሌላ እጅግ ብዙ ነገር ስላለ ውጤቱን ለካፌይን ብቻ መስጠት አይቻልም። ንጹሑን ዱቄት መጠቀም ይሻላል።

የሽምብጡ

ሐዲዱንስ በተግባር ማሳየት አይቻልም? ለሪህ የሚታዘዘው ኮልቺሲን ቱቡሊንን ይዞ ማይክሮቱቡል እንዳይሠራ ያደርጋል። ቅርፊቱ በኮልቺሲን ውስጥ ከቆየ በኋላ መሰብሰቡ ቢስተጓጎል ሐዲዱ ማይክሮቱቡል መሆኑን አሳየን ማለት ነው። ካልሆነም በረዶ አለ፤ ቅዝቃዜ ብዙ ማይክሮቱቡሎችን ያፈርሳል።

ከጎንደር

በረዶውን ተወው። ቅዝቃዜ ሐዲዱን ሊያፈርስ ይችላል፤ ነገር ግን ሞተሩንም፣ ኤቲፒ የሚያመርተውንም፣ የነርቭ ጫፉንም በአንድነት ያዘገያል። ቅንጣቶቹ ቢቆሙ የትኛው እንዳቆማቸው አታውቅም፤ ስለዚህ ምንም አላሳየህም። ኮልቺሲን በሐሳብ ደረጃ ትክክለኛው ሙከራ ነው። ነገር ግን በጥቂት መጠን ሰውን የሚገድል መርዝ ነው፤ ለሕክምና በሚሰጠው መጠንና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀትም ጠባብ ነው። ሠላሳ ተማሪ በሚጋፋበት ላቦራቶሪ ውስጥ በባዶ እጅ እንዲነካካ አልመክርም። ያንን ክፍል መምህሩ ብቻቸውን ሠርተው በፎቶ ያሳዩ፤ ወይም የ1984ቱን ሙከራ በንባብ ይስጡ።

ለመምህሩም አንድ የቀረ ነገር አለ። ፈሳሹን ከሶዲየም ወደ ፖታሲየም ሲቀይሩ ከመሸፈኛው መስታወት በአንዱ ጠርዝ አንጠባጥበው በሌላው በወረቀት ይስባሉ፤ ፈሳሹ ሲፈስ ቅርፊቱን ይገፋዋል፣ ያስደነግጠዋልም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቡድን አንድ ቅርፊት ሶዲየሙ በዚያው በሶዲየም ይቀየርለት። በእሱም ላይ ቀለሙ ከተሰበሰበ፣ ያየነው የፖታሲየም ሥራ ሳይሆን የመነካካቱ ነው።

የፔዳው ባዮሎጂ

ይህ በመመሪያው ውስጥ አልነበረም፤ ገብቷል። ሶዲየም በሶዲየም የሚቀየርለት ቅርፊት ከዚያው ዓሣ፣ ከዚያው የጀርባ ረድፍ፣ ከሚነጻጸረው ቅርፊት አጠገብ የተነቀለ ይሆናል፤ ከሌላ ዓሣ ከመጣ ልዩነቱ የሳፋው ቀለም ሊሆን ይችላልና። የፍጥነቱን መለኪያ የሚይዘው ተማሪም የትኛው ስላይድ የትኛው ፈሳሽ እንዳለው ሳይነገረው እንዲለካ አደርጋለሁ።